ከራሱ ጋር የተወዳደረ ፓርቲ



ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ሰሌዳው ላይ ሁለት ቁጥሮች ልጻፍ። 55 እና 37። በአንድ አገር፣ በአንድ ቀን በተካሄደ ምርጫ ሁለት ፓርቲዎች ከመቶ ያገኙት የመራጭ ድምፅ ነው፤ ክፍልፋዩን አጠጋግቼዋለሁ። አሁን ደግሞ ያገኙትን የምክር ቤት ወንበር ከየሥራቸው ልጻፍ። ከ55 ሥር 25። ከ37 ሥርም 25።

ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። “ኮሮጆ ተገልብጦ ነዋ!” የሚለው መልስ እኛ ዘንድ አፍ ላይ ቅርብ ነው። ይህን ልዩነት ያመጣው ግን ኮሮጆ ገልባጭ አይደለም። ነገሩ ያለቀው አንድም ሰው ድምፅ ሳይሰጥ፣ ገና የዕጩዎች ስም ሲመዘገብ ነው። ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለዚያ ስም ዝርዝር ነው።

አገሪቱ ሳሞአ ናት። በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ያለች፣ ሕዝቧ 200 ሺህ ገደማ የሆነ፣ ኡፖሉና ሳቫኢ በሚባሉ ሁለት ትልልቅ ደሴቶች ላይ የምትገኝ ትንሽ አገር። ዋና ከተማዋ አፒያ ኡፖሉ ላይ ናት። ነፃነቷን ያገኘችው በ1962 ከኒውዚላንድ ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ። እንዲያውም ስለ ቀን አቆጣጠር ሳሞአውያን ከእኛ የማይተናነስ ወሬ አላቸው፤ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ዕጩ የሚሆነው ማን እንደሆነ እንይ። ሳሞአ ውስጥ ማንም ዜጋ ተነሥቶ “ለምክር ቤት እወዳደራለሁ” ማለት አይችልም። ለመወዳደር ማታይ መሆን አለበት። ማታይ የአንድ ሰፊ ቤተ ዘመድ አለቃ ነው። ባላባት ብዬ ልተረጉመው አሰብኩና ተውኩት፤ ማታይነት ከአባት ለበኩር ልጅ በቀጥታ የሚተላለፍ ርስት አይደለምና። ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ፣ ተከራክሮ፣ ተስማምቶ ማዕረጉን ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ አንዳንዴ ያው ማዕረግ ለብዙ ሰዎች ይሰጣል። ካልተስማሙ ደግሞ ጉዳዩ የመሬትና የማዕረግ ፍርድ ቤት ወደሚባል ልዩ ችሎት ይሄዳል። ማዕረጉ የሰውየው የመጀመሪያ ስም ሆኖ ይቀራል። እኛ “ደጃዝማች እገሌ” ብለን ስሙን እናስከትላለን፤ እነሱ ዘንድ ሰዎች የሚጠሩት በማዕረጉ ነው። ቀጥሎ የምትሰሟቸው ቱኢላኤፓ፣ ፊያሜ፣ ላአኡሊ የሚባሉት ስሞች ሁሉ ማዕረጎች ናቸው።

በዚያ ላይ ዕጩው ለመንደሩ የሚገባውን አገልግሎትና መዋጮ ያሟላ መሆን አለበት። ሞኖታንጋ ይሉታል። ለቅሶ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ፣ እንግዳ ሲመጣ እጁን ያልዘረጋን ማታይ የመንደሩ ሰው “ይህማ አላገለገለም” ብሎ ፍርድ ቤት ሊያቆመው ይችላል። ዕድርን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

እስከ 1990 ድረስ ደግሞ መምረጥም የሚችሉት በጥቅሉ ማታዮች ብቻ ነበሩ። በዚያ ዓመት ሕዝበ ውሳኔ ተደረገና ዕድሜው 21 የሞላው ሁሉ እንዲመርጥ በጠባብ ልዩነት ተፈቀደ። መመረጡ ግን ለማታይ ብቻ እንደሆነ ቀረ። ስለዚህ ሳሞአ ውስጥ ከፓርቲው በፊት ማዕረጉ አለ። ሰው መጀመሪያ የቤተ ዘመዱ፣ ቀጥሎ የመንደሩ፣ ከዚያ በኋላ ነው የፓርቲው።

አሁን ወደ ፓርቲዎቹ እንምጣ።

የሰብአዊ መብት ጥበቃ ፓርቲ የተመሠረተው በ1979 ነው። በ1982 ምርጫ አሸነፈ፤ በ1980ዎቹ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ከተቋረጠው በቀር እስከ 2021 ድረስ ሥልጣን ላይ ቆየ። ከ1998 ጀምሮ መሪው ቱኢላኤፓ ሳኢሌሌ ማሊኤሌንጋኦይ ነበሩ። እኚህን ሰው በሁለት ሥራቸው ላስተዋውቃችሁ። በ2009 የአገሪቱ መኪና ሁሉ በቀኝ መንዳቱን ትቶ በግራ እንዲነዳ አደረጉ፤ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ርካሽ መኪና እንዲገባ ነው። በ2011 መጨረሻ ደግሞ አገሪቱን ከዓለም አቀፉ የቀን መስመር አንዱ ወገን ወደ ሌላው አሻገሯት። የሳሞአ ሕዝብ ሐሙስ ማታ ተኝቶ ቅዳሜ ጠዋት ተነሣ። ዲሴምበር 30 የሚባል ቀን በዚያ ዓመት ሳሞአ ውስጥ አልኖረም። እኛ ከዓለም በሰባትና በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ብንቆጥርም አንድ ሙሉ ዓርብ ግን ውጠን አናውቅም።

ይህን የማነሣው ለወግ ብቻ አይደለም። መንገዱንም ቀኑንም ማዞር የቻለ መሪ ምርጫ የሚያሸንፈው እንዴት ነበር? ፓርቲው ለአንድ ወንበር ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዕጩ እንዲቀርብ ይፈቅድ ነበር። የመንደሩ ታላላቅ ማታዮች ሁሉ የፓርቲውን ስም ይዘው እርስ በርስ ይወዳደራሉ። ያሸነፈው ምክር ቤት ይገባል፣ የተሸነፈው ቤቱ ይመለሳል፤ ሁለቱም ግን የፓርቲው ሰው ናቸው። በግል ያሸነፉትም ከምርጫው በኋላ ወደ ፓርቲው ይጠቃለላሉ። በ2016 ፓርቲው ከ49 የምርጫ ወንበሮች 35 አሸነፈ፤ አቧራው ረገብ ሲል ከ50 የምክር ቤት አባላት 47ቱ የእሱ ሆነው ተገኙ። ለተቃዋሚ የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው።

ሰዎች ይህን ሲሰሙ “አምባገነንነት ነው” ይላሉ። እኔ ግን ከግማሽ በላይ ይሉኝታ ነው ባይ ነኝ። አንድን ማታይ “አንተን አላቀርብም” ማለት ሰውየውን ብቻ መከልከል አይደለም፤ ቤተ ዘመዱን በሙሉ ማዋረድ ነው። ስለዚህ ፓርቲው ማንንም እምቢ አላለም። እምቢ የሚለው እንዲጠፋ አድርጎ ሁሉን አቀፈ። ጠንካራ ተቃዋሚ እስካልነበረ ድረስም ይህ ብልሃት ብዙ አላስከፈለውም።

የሚያስከፍለው ሰው በ2020 መጣ። ሰውየው የፓርቲው የቀድሞ አፈ ጉባኤ ላአኡሊ ሌኡአቴአ ሽሚት ናቸው። ከፓርቲው ተለያዩና ፋስት የሚባል አዲስ ፓርቲ አቋቋሙ። ስሙ የሳሞአ ቃላት ምሕጻር ሲሆን ትርጉሙ “እምነት በእግዚአብሔር፣ ሳሞአ አንድ ናት” እንደ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሯ ፊያሜ ናኦሚ ማታአፋ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ፊያሜ ከ1985 ጀምሮ የሎቶፋንጋ የምርጫ ክልል ተወካይ፣ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር፣ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ ናቸው። የለቀቁበት ምክንያት መንግሥት ያቀረባቸው ሦስት ረቂቅ ሕጎች ነበሩ። ሕጎቹ የመሬትና የማዕረግ ፍርድ ቤቱን ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን ነጥለው ራሱን የቻለ ያደርጉታል። እዚያ ችሎት የተበደለ ሰው ከእንግዲህ ጉዳዩን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊወስድ አይችልም ማለት ነው። ፊያሜ ራሳቸው አባታቸው ካረፉ በኋላ ስለ ማዕረጉ ክርክር የገጠማቸው ሰው ናቸውና ጉዳዩን ከወረቀት ብቻ አላወቁትም። ሕጎቹ ዲሴምበር 2020 ጸደቁ፤ በማርች 2021 ፊያሜ የፋስት መሪ ሆኑ።

ፋስት በቀይ ልብስ ደምቆ መንደር ለመንደር ዞረ። ስለ ሕጎቹ አስረዳ፣ ለየምርጫ ክልሉ አንድ ሚሊዮን ታላ የልማት ገንዘብ እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገባ። የቅስቀሳውን ዝርዝር እዘለዋለሁ፤ ቅስቀሳ የትም ቅስቀሳ ነው። ከዚህ ይልቅ የዕጩ ምዝገባውን መዝገብ እንክፈት።

ለኤፕሪል 9 ቀን 2021 ምርጫ 189 ዕጩዎች ቀረቡ። ወንበሩ 51 ነው። ፋስት 50 ዕጩ አቀረበ። ገዢው ፓርቲ ስንት አቀረበ? 105።

ለ51 ወንበር 105 ሰው! ሰሌዳው ላይ አንድ መንደር ልሣል፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የፈጠርኩት ነው። አንድ ሺህ መራጭ አለ። ስድስት መቶው ገዢውን ፓርቲ ይወዳል፣ አራት መቶው ፋስትን። በገዢው ፓርቲ ስም ሦስት ማታዮች ቀርበዋል፤ ሁለቱ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። አንዱ 260 አገኘ፣ ሁለተኛው 220፣ ሦስተኛው 120። ድምሩ ስድስት መቶ ነው፤ አንድም ድምፅ አልጎደለም። የፋስቱ ብቸኛ ዕጩ 400 አገኘ። ሕጉ ብዙ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ያልፋል ይላል። አለፈ። ማታ ላይ ሦስቱም ቤታቸው ተቀምጠው “እኔን ቢመርጡኝ ኖሮ” ይላሉ። ሦስቱም ልክ ናቸው።

ይህን በአገር ደረጃ ስታዩት ሰሌዳው ላይ ወዳለው ቁጥር ትደርሳላችሁ። ገዢው ፓርቲ ከመቶ 55፣ ፋስት ከመቶ 37 ገደማ፤ ወንበሩ 25 ለ25። የሚያስፈልገው 26 ነው። የቀረው አንድ ወንበር በግሉ ተወዳድሮ ያሸነፈ፣ ቱአላ ኢዮሴፎ ፖኒፋሲዮ የሚባል የሳቫኢ ሰው ነበር። አገሪቱ በሙሉ የአንድ ሰው አፍ መጠበቅ ጀመረች።

አሁን ክፍልፋይ የሚባል ነገር መንግሥት ሊጥል ሲል እናያለን። በ2013 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ቢያንስ ከምክር ቤቱ አባላት ከመቶ 10ሩ ሴቶች ይሁኑ፣ ካልሞሉም ካልተመረጡት ሴቶች ብዙ ድምፅ ያገኘችው ትጨመር ይላል። በምርጫው አምስት ሴቶች አሸንፈዋል። የ51 አንድ አሥረኛ ስንት ነው? 5.1። እንግዲህ የሰው አንድ አሥረኛ ከየት ይመጣል? ምርጫ አስፈጻሚው “አምስት አይሞላም፣ ስድስት መሆን አለበት” አለና ኤፕሪል 20 ማታ አንዲት ተጨማሪ ሴት መሾሟን አስታወቀ። የገዢው ፓርቲ አባል ናት። 26 ለ25። በማግሥቱ ቱአላ ወደ ፋስት ገባ። 26 ለ26።

ሕጉ ለሴቶች የወጣ በጎ ሕግ ነው፤ አልነቅፈውም። የአንዲት ሴት መጨመር የመጀመሪያዋን ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ለማስቀረት ማገልገሉን ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ርእሰ ብሔሩ ሜይ 4 “ነገሩ ስላልተፈታ ሜይ 21 ድጋሚ ምርጫ ይደረግ” አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሜይ 17 ድጋሚ ምርጫውንም የስድስተኛዋን ሴት ሹመትም ሻረ። በኋላ የይግባኙ ችሎት ዝቅተኛው ቁጥር በእርግጥ ስድስት መሆኑን፣ መጨመሩ ግን የምርጫ ክሶችና የማሟያ ምርጫዎች ካለቁ በኋላ እንደሚሆን አስረድቷል። ወደ 25 ለ26 ተመለስን ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ ምክር ቤቱ ከምርጫ በኋላ በ45 ቀን ውስጥ ይሰብሰብ ይላል። ከኤፕሪል 9 ጀምራችሁ ብትቆጥሩ አርባ አምስተኛው ቀን ሰኞ ሜይ 24 ነው። ርእሰ ብሔሩ በዚያ ቀን ይሰብሰብ ብለው አወጁ፤ ቅዳሜ ማታ ግን አዋጁን አገዱት።

የቀረው እሑድ ብቻ ነው። ሳሞአ ውስጥ እሑድ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጠዋት ነጭ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ከዚያ በጋለ ድንጋይ ላይ የበሰለውን ምሳ ቤተ ዘመዱ አንድ ላይ ይበላል፣ ከዚያ ይተኛል። በዚያ እሑድ ዳኞቹ ችሎት ተቀመጡ። እግዱ ሕገ ወጥ ነው፣ ነገ ምክር ቤቱ ይሰብሰብ ብለው ወሰኑ።

ሰኞ ጠዋት ፊያሜና የፋስት ተመራጮች ሙሊኑኡ ወደሚባለው ስፍራ፣ ወደ ምክር ቤቱ ሄዱ። ቤቱ እንደ ሳሞአ ባህላዊ ቤት ክብ ጣሪያ ያለው ነው፤ ተሠርቶ ካለቀ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። በሩ ተቆልፏል። ጠቅላይ ዳኛው ካባቸውን ለብሰው፣ የዳኛ ነጭ ጠጉራቸውን ደፍተው ሌሎች ዳኞችን አስከትለው በእግር እስከ በሩ ድረስ መጡ። ለእሳቸውም አልተከፈተም። ተመለሱ። የአንድ አገር ከፍተኛ ዳኛ የራሱን ትእዛዝ ይዞ በተቆለፈ በር ፊት ሲቆም ማየት ምን ስሜት እንደሚሰጥ ለእናንተ እተወዋለሁ።

በግቢው ሣር ላይ ድንኳን ተተከለ። ወንበር ተደረደረ፣ ጸሎት ተደረገ፣ መዝሙር ተዘመረ፤ ፊያሜና ባልደረቦቻቸው ድንኳኑ ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ቱኢላኤፓ የአገር ክህደት ነው አሉ። ለሁለት ወር ያህል አገሪቱ ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትር ነበራት፤ አንዱ ከነቢሯቸው፣ አንዷ ከነድንኳናቸው። ጥይት አልተተኮሰም። ሳሞአ የጦር ሠራዊት የላትም፤ ነገር ግን ለሰላሙ ምክንያት የጦር አለመኖር ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ሁለቱም ወገን የአንድ ቤተ ዘመድ ሰዎች ነበሩ፤ ለቅሶው አንድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አንድ። ጁላይ 23 የይግባኙ ችሎት የድንኳኑ ቃለ መሐላ ሕጋዊ ነው፣ ፋስት ከሜይ 24 ጀምሮ መንግሥት ነው ብሎ ፈረደ። ከሦስት ቀን በኋላ ቱኢላኤፓ ቢሯቸውን ለቀቁ። ፊያሜ የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ያ ብቸኛ የግል ተመራጭም ምክትላቸው ሆነ።

የታሪኩ ወሬ በብዙ አገር ጋዜጣ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ድንኳኑ፣ ሴቲቱ፣ ድሉ። እኔ ግን ወደ ዝርዝሩ ልመልሳችሁ። ገዢው ፓርቲ 105ቱን ወደ 51 አሳንሶ፣ ማታዮቹን “አንተ ቅር፣ አንተ ግባ” ብሎ ቢሆን ኖሮ በሩም ባልተቆለፈ፣ ድንኳኑም ባልተተከለ። በእኔ ፍርድ ቱኢላኤፓን የጣላቸው ፊያሜ አይደሉም። አርባ ዓመት ለወዳጅ እምቢ ሳይሉ የኖሩበት ልማድ ነው።

ይህ ፍርዴ ልክ ለመሆኑ ደግሞ ፋስት ራሱ ማስረጃ ሆነ። ጃንዋሪ 2025 የፓርቲው መሥራች ላአኡሊ የወንጀል ክስ ቀረበባቸው፤ ከሚኒስትርነት አልለቅም አሉ፣ ፊያሜ አነሷቸው። እዚህ ላይ እምቢ የሚል ሰው ተገኘ! ግን እምቢታው ፓርቲውን ለሁለት ሰነጠቀው። የላአኡሊ ወገን ፊያሜን ከፓርቲው አባረርናቸው አለ። ፊያሜ በአናሳ መንግሥት ቀጠሉ፣ ሁለት ጊዜ የመተማመኛ ድምፅ ተጠይቆባቸው ሁለቱንም አለፉ፤ በሜይ 27 ግን በጀታቸው 34 ለ16 ወደቀ። ምክር ቤቱ ተበተነ። ፊያሜ አዲስ ፓርቲ አቋቁመው ኦገስት 29 ቀን ወደ ምርጫ ገቡ።

ውጤቱን ሰሌዳው ላይ ልጨምር። ፋስት 30። የቱኢላኤፓ ፓርቲ 14። በግል 4። የፊያሜ ፓርቲ 3። ላአኡሊ ሴፕቴምበር 16 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ በዚህ ጊዜ በሩ ክፍት ነበር። ድንኳን ውስጥ አገር የተረከቡት ፊያሜ ሎቶፋንጋን አላጡም፤ ያቋቋሙት ፓርቲ ግን ሦስት ሰው ብቻ ይዞ ተቀመጠ። ስምና ማዕረግ አንድ ሰው ምክር ቤት ያስገባል፤ ሃያ ስድስት ሰው ለማስገባት ግን ዝርዝሩን የያዘ እጅ ያስፈልጋል፤ በ2025 ያ እጅ የላአኡሊ ነበር።

የእኔ እዚህ ላይ ያበቃል። ሰሌዳውን አላጠፋውም፣ ጠመኔውም እዚያው አለ። ስሌቴ ላይ ስሕተት ያያችሁ ወጥታችሁ አርሙኝ። ጥያቄ ያላችሁ ደግሞ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።